ሁለት ደቂቃ በካርታ ላይ፦ የጦርነት ጨዋታ ሕግ በፍጥነትና በእውነት መካከል

በ1824 በበርሊን ከተማ አንድ የመድፈኛ መቶ አለቃ ጥቂት ጓደኞቹን አስከትሎ ከፕሩሲያ ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ከጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ፊት ቀረበ። ይዞት የመጣው የተጠቀለለ ካርታ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ጥቃቅን የብረት ጠጠሮችን የያዘ ሣጥን፣ ጥቂት ዳይሶችና ራሱ ያዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ ነበር። ጄኔራሉ እንግዶቹን የተቀበላቸው በቀዘቀዘ ፊት ነው። ነገሩን ለማየት የፈቀደውም ልዑል ዊልሄልም አስቀድሞ ተመልክቶ ስላመሰገነው እንጂ፣ ጠረጴዛ ከብበው በሚጫወቱት ነገር ውስጥ ለአንድ ጦር የሚበጅ ቁም ነገር ይገኛል ብሎ አልነበረም። ካርታው ሲዘረጋ ግን እንደ ሰንጠረዥ ገበታ የተከፋፈለ ሆኖ አላገኘውም፤ ኮረብታው፣ ወንዙ፣ ጫካውና መንገዱ በልኩ የተነሣበት እውነተኛ የምድር ሥዕል ነበር። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ሲሰጡ፣ ዳኛው ትእዛዙን ተቀብሎ ጠጠሮቹን በካርታው ላይ ዝግ እያደረገ ማንቀሳቀስ ሲጀምር፣ የጄኔራሉ ፊት እየተፈታ ሄደ። በመጨረሻም ይህ ከቶ ጨዋታ አይደለም፣ የጦር ትምህርት ቤት ነው እስከ ማለት መድረሱን በቦታው የነበሩ ሰዎች አውርተዋል። በዚያው ዓመት በጦሩ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የድጋፍ ቃሉን አሳተመ፤ ንጉሡም ጨዋታው ለየሬጅመንቱ እንዲታደል አዘዘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቶ አለቃው ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ ይባላል። ከእርሱ ወዲህ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት የጦርነት ጨዋታ ሕግ የጻፉ ሰዎች ሁሉ፣ መኮንኖችም ሆኑ ደራስያን፣ የባሕር ኃይል አዛዦችም ሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው የእርሳስ ወታደር ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞች፣ ሲታገሉ የኖሩት እርሱ ከታገለው ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። ሕጉ ጦርነትን እንዲመስል ከተፈለገ ብዙ ነገር መቁጠር አለበት፤ ብዙ ነገር ከቆጠረ ደግሞ ይንቀረፈፋል፤ የተንቀረፈፈ ጦርነት ግን ጦርነትን አይመስልም። ይህ እንቆቅልሽ ለተውኔት ሰው እንግዳ አይደለም። በመድረክ ላይ አንድ ታላቅ ዘመቻ በአራት ተዋንያንና በአንድ ከበሮ ይታያል፤ ተመልካቹም ሠራዊቱ የት አለ ብሎ አይጠይቅም። አዘጋጁ መቶ ሰው ቢያሰልፍ ግን ተመልካቹ መቶ ሰው ብቻ መሆኑን መቁጠር ይጀምራል።

ከራይስቪትስ በፊት የነበሩት ሰዎች መነሻቸው ሰንጠረዥ ነበር። በ1780 ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ የተባለ የብራውንሽቫይግ የሒሳብ መምህር፣ ለወጣት መሳፍንትና መኳንንት የጦር ትምህርት መስጫ ይሆን ዘንድ፣ 1617 ቤቶች ያሉት ግዙፍ ገበታ አዘጋጀ። ቤቶቹ እንደ መሬቱ ዐይነት የተለያየ ቀለም ተቀብተዋል፤ በጠጠሮቹም ውስጥ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፍ ይገኛል። ሥራው በዘመኑ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ሰንጠረዥ ሦስት ነገሮችን ከጦርነት ይሰውራል። አንደኛ፣ ተጫዋቹ የጠላቱን ጠጠር ሁሉ ያያል። ሁለተኛ፣ የሚበላው ያለ ጥርጥር ይበላል፤ በጦር ሜዳ ግን ሁለት መቶ ሰው ስድሳ ሰውን መግፋት አቅቶት የሚመለስበት ቀን አለ። ሦስተኛ፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እጁን አጣምሮ ተራውን ይጠብቃል።

በዚህ በሦስተኛው ነጥብ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ማስታወስ ተገቢ ነው። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ባሳተመው ጥናት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቧል። ከሕጉ ሁሉ የውጭ አገር ጸሐፊዎችን ይበልጥ ያስደነቀው «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ባሻቸው ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። እጁ የፈጠነ ይቀድማል፤ ዐይኑ የተከፈተ ደግሞ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ጦሩ ከተነካካ በኋላ ነው። የአውሮፓ የጦር ጨዋታ ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ ያውቁት ነበር የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም። ነገር ግን እነርሱ በብዙ ገጽ ሕግ ሊደርሱበት የደከሙለትን ነገር፣ ማለትም ጊዜ ለሁለቱም ወገን እኩል የሚሮጥ መሆኑን፣ በአበሻ ሰንጠረዥ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ልማድ ገላግለውት ነበር።

የመቶ አለቃው አባት፣ እርሱም ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የሚባል የብሬስላው የመንግሥት ሹም፣ ከቤቶች ለመላቀቅ የመጀመሪያውን እርምጃ አድርጓል። ጨዋታውን የጀመረው በአሸዋ ላይ ነው፤ ኮረብታና ሸለቆ በእጅ ይበጃል፣ ይፈርሳል። ንጉሥ ፍሪድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ ሊያየው እንደሚፈልግ ሲነገረው ግን አሸዋ ለንጉሥ አይገባም ብሎ ተጨነቀ፤ ከኖራ የተሠሩና በቀለም ያጌጡ፣ እንደ ልብ የሚገጣጠሙ የመሬት ቁራጮች ያሉት ውብ ጠረጴዛ አሠርቶ በ1812 አቀረበ። ንጉሣዊው ቤተ ሰብ በደስታ ተጫወተበት። ይህ ጠረጴዛ ግን ባለጠግነቱ እንቅፋት ሆነበት፤ የንጉሥ ዕቃ ለአንድ የሬጅመንት መኮንን አይዳረስም። ልጁ ጨዋታውን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ በወረቀት ካርታ ላይ ሲያኖረው፣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በብብት የሚሄድ ነገር አደረገው።

ካርታው በ1:8000 ልክ የተነሣ በመሆኑ አንድ ኪሎ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ጋር ይስተካከላል፤ የብረት ጠጠሮቹም ስፋት አንድ ሻለቃ ተሰልፎ በሚይዘው ቦታ ልክ ነበር። ስለዚህ ጠጠሩ በድልድዩ ላይ የሚያልፍ ካልሆነ ሻለቃውም አያልፍም፤ ለዚህ የተለየ አንቀጽ መጻፍ አያስፈልግም። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ነው። እግረኛ በሁለት ደቂቃ የሚራመደው፣ ፈረስ በሶምሶማና በግልቢያ የሚደርስበት ርቀት በሠንጠረዥ ተመዝግቧል። ሁለቱም ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ያስረክባሉ፤ ዳኛው ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ተጫዋቹ የሚያየው ወታደሩ ከቆመበት ሊያይ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ጠላት ከኮረብታው ማዶ ካለ ጠጠሩ በካርታው ላይ አይቀመጥም። ከሩቅ ላለው የበታች አዛዥ የተላከ ትእዛዝም መልእክተኛው ጋልቦ እስኪደርስ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም። ትእዛዙ እስኪደርስ ነገሩ ተለውጦ እንደሆነ ያው ተለወጠ ነው።

ለተኩስ ውጤት ራይስቪትስ በልብ ግምት አልተመካም። ሻርንሆርስት በ1813 ያሳተመውን የጠመንጃና የመድፍ ተኩስ ሙከራ ውጤት መሠረት አደረገ። በሙከራ ሜዳ የተገኘ ቁጥር ግን የጦር ሜዳ ቁጥር አይደለም፤ ሸራ መልሶ አይተኩስም። ስለሆነም ውጤቱ በዳይስ እንዲለዋወጥ አደረገ። ዳይሶቹ እንደ ቁማር ዳይስ ነጥብ ብቻ የተነጠበባቸው አልነበሩም፤ የጉዳቱ መጠን በየገጻቸው ተጽፏል። የግጭቱም ዕድል እንደ ኃይሉ ሚዛን በአምስት የተለያዩ ዳይሶች ተከፋፍሎ ነበር፤ እኩል ለእኩል ከሆነ አንዱ ዳይስ፣ ሁለት ለአንድ ከሆነ ሌላው ይጣላል። ዳኛው ማባዛትና ማካፈል ሳይገባ አንድ ጊዜ ወርውሮ መልሱን ያነባል። ሒሳቡን ከጨዋታው በፊት ሠርቶ በዕቃው ውስጥ መሸሸግ፣ ጥበቡ ይህ ነበር። ይህ ዘዴ ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስልም።

በእነዚያው ዓመታት ካርል ፎን ክላውዘቪትዝ በበርሊን የጦር አካዳሚ ዲሬክተር ሆኖ ከሞተ በኋላ በ1832 መታተም የጀመረውን ታላቅ መጽሐፉን ይጽፍ ነበር። በመጽሐፉ ከሰው ሥራ ሁሉ ጦርነትን ይበልጥ የሚመስለው የካርታ ጨዋታ ነው ሲል፣ በጦርነት ውስጥ ቀላሉ ነገር ሁሉ አስቸጋሪ እንደሚሆንም ያብራራል። የፈላስፋው አሳብና የመቶ አለቃው ሣጥን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን መዘጋጀታቸው ልብ ይሏል።

የመቶ አለቃው መጨረሻ ግን አላማረም። ዝናው ቅናት አስነሣበት ይባላል። በ1826 ከበርሊን ተነሥቶ ወደ ቶርጋው ምሽግ ተዛወረ፤ እርሱም ነገሩን እንደ ግዞት ቆጠረው። በ1827 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ጨዋታው አልሞተም። በየጦር ሰፈሩ የጨዋታ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ጄኔራል ሞልትከ በ1857 የኤታማዦርነቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላም በመኮንኖች ትምህርት ውስጥ ጸንቶ ቆየ። ሆኖም እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን አንቀጽ እየጨመረበት ሕጉ ወፈረ። አዲስ ጠመንጃ ሲመጣ አዲስ ሠንጠረዥ፣ አዲስ መድፍ ሲመጣ አዲስ ሠንጠረዥ ሆነ። የሁለት ደቂቃ ውጊያ ለመፍረድ ከሁለት ደቂቃ እጅግ የበለጠ ጊዜ ያስፈልግ ጀመር። ዳኛ የሚሆን ሰውም ጠፋ፤ መጽሐፉን በቃሉ ያላጠና ሰው ለመፍረድ ይፈራል፣ ያጠናው ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ፕሩሲያ በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይን ስታሸንፍ የሌሎች አገሮች ጦር ሠራዊት ምሥጢሩን ፍለጋ ይህንኑ ጨዋታ ለመቅዳት ተሽቀዳደሙ። እንግሊዞች በ1872 የጨዋታውን ሕግ በቋንቋቸው አወጡ። የሚገርመው፣ ሌላው ዓለም ሠንጠረዡን መቅዳት በጀመረበት ሰዓት ጀርመኖቹ ራሳቸው ሊጥሉት ተነሥተው ነበር።

በ1876 ዩልዩስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ዳይሱም ሠንጠረዡም ይቅር አለ። ይህ ሰው በሞልትከ የጦር አመራር ውስጥ ሆኖ በ1866 እና በ1870 የተደረጉትን ጦርነቶች በዐይኑ ያየ ነበር። አሳቡ አጭር ነው፤ ልምድ ያለው መኮንን የአንድን ግጭት ውጤት ለመገመት ዳይስ አያስፈልገውም፣ ልምድ የሌለው ደግሞ ዳይሱ አያስተምረውም። ዳኛው ሁኔታውን አይቶ በቃሉ ይፍረድ፣ ምክንያቱንም ለተማሪዎቹ ያስረዳ። «ነጻ ጨዋታ» የተባለው ይህ ነው። እንደ ወፍ ቀለለ፣ ፈጠነም። በአንድ ምሽት የአንድ ክፍለ ጦር ሙሉ ውጊያ ማየት ተቻለ። ነገር ግን ዳይስ ማንንም አይፈራም፤ ዳኛ ግን አለቃ አለው። ዳይሱ ሲጣል አብሮት የወደቀው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ወደ መኮንኖቹ ከመመለሳችን በፊት በ1913 ለንደን ላይ «ትናንሽ ጦርነቶች» የተባለች መጽሐፍ ያሳተመውን እንግሊዛዊ ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስን እንጐብኝ። ከዌልስ በፊትም ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከእንጀራ ልጁ ጋር በስዊስ ተራሮች መካከል፣ በዳቮስ፣ በቆርቆሮ ወታደሮች ይጫወት እንደነበር የታወቀ ነው። ዌልስ የጀመረው በቤቱ ወለል ላይ፣ የእንጨት እርሳስ በምትተኩስ ባለስፕሪንግ የአሻንጉሊት መድፍ ነው። ለጠመንጃ ሠንጠረዥ የለውም፤ መድፏ ወታደሩን ከመታችው ይወድቃል፣ ከሳተችው ይቆማል። እግረኛ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ ይራመዳል። መድፏን ለመተኰስም ሆነ ለማንቀሳቀስ አጠገቧ ቢያንስ አራት ሰው መገኘት አለበት። በእጅ ለእጅ ውጊያ ሁለቱም ወገን አንድ ለአንድ እየተገዳደለ ያልቃል፤ ዌልስ ዕጣን ሞክሮ ትቶታል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራው ግን ሰዓት ነው። ተጫዋቾቹ እንደ ልባቸው ሲያስቡ ጨዋታው መሰልቸቱን ስላየ፣ እንደ ወታደሩና እንደ መድፉ ብዛት ለያንዳንዱ ዙር የተቆረጠ ደቂቃ ሰጠ። ሰዓቱ ሲያልፍ ያልተነሣው ጦር ባለበት ይቀራል።

ይህ ሕግ ከልጆች ጨዋታ የወጣ ስለሆነ ብዙዎች በንቀት አልፈውታል። ዳሩ ግን ዌልስ በሰዓቱ ያገኘውን እውነት የፕሩሲያ ሠንጠረዦች ሁሉ አላገኙትም። የተጣደፈ ተጫዋች አንዱን ጐን ይረሳል፤ የቀኙን ሲያስተካክል የግራው ይቀራል። በእውነተኛው ጦር ሜዳ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለተጫዋቹ «ተዘናግተሃል» የሚል አንቀጽ አይነበብለትም፤ ራሱ ይዘናጋል። ዌልስ በመጽሐፉ መዝጊያ ጦር ናፋቂዎችን ሁሉ በአንድ ቤት ዘግቶ በዚህ አሻንጉሊት እንዲዋጉ ማድረግ እንደሚሻል በምጸት ጽፏል። ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሣው ጦርነት ወለል ላይ የሚያልቅ አልነበረም።

የዳኛው ጥያቄ በ1942 ዓመት በሁለት ቦታዎች ሁለት መልስ አገኘ። በግንቦት ወር መጀመሪያ በጃፓን ታላቅ የጦር መርከብ በያማቶ ላይ የሚድዌይ ዘመቻ በጠረጴዛ ተጫወተ። ከጦርነቱ በኋላ ፉቺዳና ኦኩሚያ የተባሉ መኮንኖች በጻፉት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ ከደሴቲቱ የተነሡ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጃፓንን አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ሲደበድቡ ዳኛ የነበረው ኦኩሚያ ዳይስ ጣለ፤ ዘጠኝ ቦምብ ተመትተው አካጊና ካጋ የተባሉት ሁለት መርከቦች ሰመጡ። የጦር መርከቦቹ ጥምር ኃይል ኤታማዦር ሹም አድሚራል ኡጋኪ ግን ዘጠኙን ሦስት አደረገው፤ አካጊ በጥቂት ጉዳት ተረፈች። ቆይቶም የሰመጠችው ካጋ ለሚቀጥለው ዘመቻ ጨዋታ ተነሥታ ተሰለፈች። ሰኔ 4 ቀን በእውነተኛው ባሕር ላይ ሁለቱም ተቃጠሉ፤ ከሌሎች ሁለት መርከቦች ጋር አራቱም ጠፉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አለቃ በዳይስ ላይ ስለ መታበዩ ማስረጃ ተደርጎ ነው። ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከደሴቲቱ የተነሡት አውሮፕላኖች በውጊያው ቀን ከጃፓን አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች አንዱንም አልመቱም፤ መርከቦቹን ያቃጠሏቸው ከአሜሪካ መርከቦች የተነሡ ጠልቀው የሚደበድቡ አውሮፕላኖች ናቸው። ስለዚህ ዘጠኝ ምት ይበዛል ያለው ኡጋኪ በቁጥሩ አልተሳሳተም ብሎ መከራከር ይቻላል። የተሳሳተው በሌላ ነገር ነው። ዳይሱ ያነሣው ጥያቄ «ስንት ቦምብ ይመታል» የሚል ሳይሆን «ደሴቲቱን ስንደበድብ ጠላት ቢደርስብንስ» የሚል ነበር። ቁጥሩ ሲታረም ጥያቄው አብሮ ተፋቀ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጊልበርት ሮበርትስ የተባለውን፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከሥራ ተሰናብቶ የነበረ መኮንን፣ ወደ ሊቨርፑል ላከው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ላይ የንግድ መርከቦችን እየሰበሩ እንግሊዝን ሊያስርቧት ተቃርበው ነበር። ሮበርትስ የተሰጠው በደርቢ ሐውስ ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ያሉ ክፍሎችና የባሕር ኃይል ሴቶች ክፍል አባላት የሆኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወለሉን ባሕር አደረጉት። የመርከቦቹ ጉዞ በጠመኔ ይሠመራል፤ ተጫዋቾቹ የአጃቢ መርከብ አዛዦች በሸራ መጋረጃ ጀርባ ቆመው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይመለከታሉ። የሰርጓጁ መንገድ በአረንጓዴ ጠመኔ ስለሚሠመር ከመጋረጃው ጀርባ ለቆመ ሰው አይታይም። ትእዛዝ በወረቀት ይጻፋል፣ አንዷ ልጅ ትወስደዋለች። አንዱ ዙርም እንደ ራይስቪትስ ሁለት ደቂቃ ነበር።

እዚህ ጋ ሕጉ በጣም ቀጭን መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የብረቱ ውፍረት፣ የፈንጂው ክብደት አልተቈጠረም። የተቈጠረው ሌሊት በመርከብ ድልድይ ላይ የቆመ አዛዥ ምን ያያል፣ ምን ይሰማል፣ ምን ያህል ጊዜ አለው የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ላይ የደረሱባቸውን ውጊያዎች ደግመው ሲጫወቱ፣ ሰርጓጆቹ በሌሊት ከኋላ መጥተው በንግድ መርከቦቹ ሰልፍ መካከል ገብተው እንደሚተኩሱ ተገነዘቡ፤ አጃቢዎቹ ግን ሲያሳድዱ የኖሩት ወደ ውጭ ነው። ከዚህ ግኝት አዲስ የአጃቢ ዘዴ ተወለደ። መጀመሪያ ላይ የተጠራጠሩት አለቆች አመኑ። አድሚራል ማክስ ሆርተን፣ ራሱ የታወቀ የሰርጓጅ አዛዥ የነበረ ሰው፣ በሰርጓጁ ወገን ሆኖ ሲጫወት በአጃቢው ወገን በነበረች ጃኔት ኦኬል በምትባል ወጣት ሴት ደጋግሞ ተሸነፈ። ተቃዋሚው ማን እንደሆነ ሲነገረው ለማመን ተቸገረ ይባላል። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አምስት ሺህ ያህል መኮንኖች በዚያ ወለል ላይ አልፈዋል። በያማቶ ላይ አለቃው ዳኛውን አረመ፤ በሊቨርፑል ወለሉ አለቃውን አረመ። ለልዩነቱ የአንዱ ሕዝብ ጠባይ ከሌላው ይሻላል ማለት አያስፈልግም፤ በሊቨርፑል ማንም ሹም ሊፍቀው ከመቻሉ በፊት የጠመኔው መሥመር በሁሉም ፊት ተሠምሮ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው ከጦር ሰፈር ይልቅ በተራ ሰዎች ቤት ተስፋፋ። ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝ ብዙዎችን አፈራ። በ1969 ደግሞ የጥንት ዘመን ጦርነቶችን በትናንሽ ሐውልቶች ለሚጫወቱ ሰዎች፣ ፊል ባርከር ዋነኛ ጸሐፊው የሆነበት የሕግ መጽሐፍ ወጣ። እውነተኛነትን የመሰለ ጥማት ነበረው። አንዱ የእርሳስ ወታደር ሃያ ሰው ይወክላል፤ ሰባት ሰው ቢሞት ሰባቱ በወረቀት ይመዘገባሉ፣ ሃያ ሲሞላ አንዱ ሐውልት ይነሣል። መሣሪያው፣ ጥሩሩ፣ ድካሙ፣ ቁልቁለቱ፣ የወታደሩ ሞራል፣ ሁሉም የሚደመርና የሚቀነስ ቍጥር አለው። የሮማን ሌጌዎን የሚመራው ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው እንደ ሒሳብ ሹም ነው። የትኛው የሮማ አዛዥ ነው ስድስተኛው ማኒፕል ሰባት ሰው መጉደሉን በውጊያው መካከል የሚያውቅ? ሕጉ እውነቱን የፈለገው ወታደሩ በቆመበት ነው፤ ተጫዋቹ ግን የተቀመጠው በአዛዡ ኮርቻ ላይ ነበር።

ባርከር ይህን ያልተገነዘበ ሰው አልነበረም። በ1990 ከሌሎች ሁለት ጸሐፊዎች ጋር «ዴ ቤሊስ አንቲኲታቲስ» የተባለ፣ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የኪስ ደብተር የሚያህል ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ሠራዊት አሥራ ሁለት ክፍሎች ብቻ አሉት። የሞተ አይቆጠርም፣ የሚጻፍ ወረቀት የለም። ሁለት ክፍሎች ሲጋጠሙ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ዳይስ ይጥላሉ፣ እንደ ጦሩ ዐይነት ጥቂት ቍጥር ይጨምራሉ፤ የበለጠው ያፈገፍገዋል፣ እጥፍ የበለጠው ያጠፋዋል። ጨዋታው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያበቃል። ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች ሲያዩት የልጆች ነገር መስሎአቸው ነበር።

የሕጉ አጥንት ግን ሌላ ቦታ ነው። ተጫዋቹ ዙሩ ሲደርሰው አስቀድሞ አንድ ዳይስ ይጥላል፤ የሚወጣው ቍጥር በዚያ ዙር ሊያዛቸው የሚችለው የእንቅስቃሴዎች ብዛት ነው። ተጠጋግተው በአንድነት የተሰለፉ ክፍሎች ሁሉ እንደ አንድ ይታዘዛሉ፤ የተበተኑት ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድርሻ ይበላሉ። በዚህች አንዲት ዳይስ ውስጥ የጠፋው መልእክተኛ፣ ያልተሰማው መለከት፣ አቧራው፣ ትእዛዙን የተረጐመው ሰነፍ መኮንን፣ ሁሉም አሉ፤ አንዱም ግን ስሙ አልተጠራም። ጀማሪ ተጫዋች ሰልፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከመጽሐፍ ማንበብ አይገባውም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሠራዊቱ ሲበታተንበትና ዳይሱ ሲያንስበት ይማረዋል። ራይስቪትስ ሒሳቡን በዳይሱ ገጽ ላይ እንደ ሸሸገ፣ እዚህ ደግሞ የክላውዘቪትዝ ምዕራፍ በስድስት ነጥቦች ውስጥ ተሸሽጓል።

ለዚህም ዋጋ ተከፍሏል፤ አይካድም። አሥራ ሁለት ክፍሎች ስንቅ አይበሉም፣ ቁስለኛ የላቸውም፣ በሦስተኛው ቀን አይከዱም። የጥንት ጦርነትን በአንድ ሰዓት የሚያሳይ ሕግ ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት አያሳይም። የቀድሞውን ወፍራም ሕግ የሚወዱ ሰዎች ይህን ቅሬታ እስከ ዛሬ ያነሣሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ያ ሁሉ ነገር ግን አዛዡ ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ ነው።

ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። የግራው ፈረሰኛ ብቻውን ርቆ ሄዶ ሊከበብ ነው። የመካከሉ እግረኛ መሥመር ተሰንጥቆ ክፍተቱ በግልጽ ይታያል። ተጫዋቹ ሁለቱንም ያያል፣ ለሁለቱም መድኃኒቱን ያውቃል። ዳይሱን ይጥላል፤ አንድ ይወጣል። ባላጋራው ከጠረጴዛው ማዶ ዝም ብሎ ይመለከተዋል፣ እርሱም እጁን በፈረሰኛው ላይ አድርጎ፣ አንሥቶ፣ እንደገና ወደ መካከሉ ይመልሳል።